የማሞቂያው ምርጫና የወይዘሮ ፍቅርአዲስ ካልሲዎች

ለቤት አከራይ ኮርፖሬሽናችን የዘላቂ ሙቀት ክፍል ክቡር ኃላፊ
አምስተርዳም፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ የመረጥነውን መሣሪያ ትታችሁ ያልመረጥነውን ስለመረጣችሁልን ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን በትሕትና እያቀረብሁ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎስ እንዴት ነው? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ ሳንባዎ ደህና ነው? ሳንባን ለይቼ መጥራቴ በዋዛ አይደለም፤ የዚህ ደብዳቤ ነገር ሁሉ ከአንድ ሰው ሳንባ የተነሣ ስለሆነ ነው። የእርስዎን ግን እግዚአብሔር ይጠብቅልን፤ ገና ብዙ የምትመርጡልን ነገር አለና ትንፋሽ ያስፈልግዎታል።

ስሜ የትነበርሽ ይባላል። በኒው ዌስት ሠፈር ካሉት ሕንፃዎቻችሁ በአንዱ፣ ሊፍት በሌለው ደረጃ፣ በመጨረሻው ፎቅ ላይ ከባለቤቴ ከአስራትና ዴልፍት ከምትማረው ልጃችን ከሐምራዊት ጋር የምኖር ተከራያችሁ ነኝ። አምስተልቨን ከተማ በሚገኝ አንድ ቢሮ ውስጥ ለሰው አለቃ ደብዳቤ ስጽፍ ስለምውል ለራሴ አከራይ መጻፍ ብዙም አይከብደኝም። በአማርኛ የጻፍሁትም በላካችሁልን ባለ ቀለም ወረቀት ላይ ማንኛውም ተከራይ በሚቀናው ቋንቋ ሊጽፍልን ይችላል ስላላችሁ ነው። ይህን ግብዣ ከእኔ በፊት የተቀበለ ሰው እንዳልነበረ ስልኩን ካነሣችልኝ ሠራተኛችሁ ድንጋጤ ተረድቻለሁ። አስተርጓሚ እስክታገኙ ድረስ ጎረቤቶቼ እንዳይጓጉ ብዬ ግልባጩን ደረጃችን መግቢያ ላይ ለጥፌዋለሁ።

ወደ ቅሬታዎቼ፣ ይቅርታ ወደ ምስጋናዎቼ፣ ከመግባቴ በፊት ነገሩ ለምን እንዲህ እንዳንገበገበኝ ላስረዳ። አስራት ዕድሜውን ሮተርዳም በአንድ መጋዘን ውስጥ ጭነት ሲያራግፍ የኖረ፣ አሁን ጡረታ የወጣ፣ ሳንባው ግን ከእሱ ቀድሞ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ክረምቱን ይችለዋል። የማይችለው በጋውን ነው። ቤታችን ከጥቁሩ ጣሪያ ሥር ስለሆነ፣ ከተማው ሁሉ ፀሐይ ወጣች ብሎ ቦዩ ዳር እግሩን ሲነክር እኛ እላይ እንቀቀላለን። አምና በበጋ ያ ተከታታይ ሙቀት የመጣ ጊዜ አስራት ትንፋሽ አጠረው። አምቡላንስ ጠራሁ፤ ደረጃው ጠባብና ቀጥ ያለ ሆኖ ቃሬዛውን አላዞር ስላለ የእሳት አደጋ መኪና መጥቶ በመስኮት አወረደው። እንደሚያውቁት በዚህ ከተማ በመስኮት የሚወጣው ሶፋና ቁም ሣጥን ነው። ባለቤቴ ግን ኦክስጅኑ አፍንጫው ላይ እንዳለ፣ አየር ላይ ተንሳፍፎ ሲወርድ፣ ታች ለተሰበሰበው ሰው እጁን እያነሣ ሰላምታ ይሰጥ ነበር። ሰዉም አጨበጨበለት። እኔ መስኮቱ ላይ ቆሜ አለቀስሁ።

ከዚያ ወዲህ የቤተሰብ ሐኪማችን ነገሩን አልሸፋፈነውም። ቤቱ በበጋ የሚቀዘቅዝ ከሆነ አስራት እቤቱ ይኖራል፤ የማይቀዘቅዝ ከሆነ ደግሞ አየሩ የተስተካከለ የአረጋውያን መጦሪያ መግባት አለበት ብሎ ቁርጡን ነገረን። ቦታ የተገኘውም ዴን ሃግ ነው። ዴን ሃግ መልካም ከተማ ነው፤ ባሕርም አለው፤ ነገር ግን ይህን ሁሉ ዘመን አብረን ከኖርን በኋላ ባሌን በባቡር ሄጄ በጉብኝት ሰዓት ላየው ነው ማለት ነው። እንግዲህ እናንተ የማሞቂያ ምርጫ የምትሉት ነገር እኛ ቤት ሲገባ ስሙ ይህ ነው።

1ኛ. ስለ ምርጫው ምሽት

የጋዙ ማሞቂያችን ዕድሜው አልቆ ሌላ እንዲተካ በተወሰነ ጊዜ ምርጫውን ለእኛ ለተከራዮች ስለተዋችሁ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። የሠፈሩ ትምህርት ቤት አዳራሽ ጠርታችሁ የአተር ሾርባ አበላችሁን፤ ሁለት ሰሌዳም አቆማችሁ። በአንደኛው ላይ ዋርምተፖምፕ የሚባለው የኤሌክትሪክ ፓምፕ ነበር፤ በክረምት ሞቃት አየር፣ በበጋ ቀዝቃዛ አየር በየክፍሉ ግድግዳ ባለ ቀዳዳ የሚነፋ። በሁለተኛው ላይ ከከተማው ቧንቧ የሚመጣ ሙቅ ውሃ ነበር፤ እሱ ማሞቅ እንጂ ማቀዝቀዝ አያውቅም። ለየቤቱ አረንጓዴ ተለጣፊ ምልክት ሰጥታችሁ በምትወዱት ላይ ለጥፉ አላችሁን። ሞሮኳዊው፣ ቱርኩ፣ ሱሪናሟ፣ ሆላንዱ፣ እኛም ሐበሾቹ፣ በሌላ ነገር ተስማምተን የማናውቅ ሰዎች፣ ያን ምሽት ተደርድረን የመጀመሪያውን ሰሌዳ አረንጓዴ አለበስነው። የቤታችንንም ምልክት ለአስራት ብዬ እኔው ለጠፍሁት። ቤት ስገባ እየጠበቀኝ ነበር፤ ለጠፍሽው ወይ ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ።

ክቡር ሆይ፣ እኔ በወጣትነቴ ሰው ሳይጠየቅ የሚወሰንበት ዘመን ኖሬአለሁ። ሰው ተጠይቆ፣ መልሱም ተሰምቶ፣ ከዚያ በኋላ እንደገና ሳይጠየቅ የሚወሰንበትን አሠራር ያየሁት ግን በእናንተ ነው፤ ሾርባም ስላለው ይሄኛው ይሻላል።

2ኛ. ስለ ፈተናው

ጠንቃቆች ናችሁና፣ ከምርጫው በኋላ ፓምፑ ለሕንፃው ይስማማ እንደሆነ በአንድ ቤት ውስጥ ለአንድ ክረምት ይፈተን አላችሁ። ዕጣው የወጣው ከእኛ ሥር ለሚኖሩት ለወይዘሮ ፍቅርአዲስ ነው። ወይዘሮ ፍቅርአዲስ ባላቸውን ቀብረው ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ቤታቸው የሚያብለጨልጭ፣ ለሰው የማይሰስቱ ሴት ናቸው። በዚህ ዓለም ላይ የሚፈሩት ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ እግዚአብሔርንና ብርድን። እግዚአብሔርን በመጠኑ።

እዚህ ላይ ስለ ብርድ ትንሽ ባስረዳዎ አይቆጡም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። በእናንተ ዘንድ ብርድ ማለት የአየር ጠባይ ነው፤ ካፖርት ይለበስና ይታለፋል። በእኛ ዘንድ ግን ብርድ ሰው ይመታል። በመስኮት ስንጥቅ ገብቶ ወገብ ይይዛል፣ አንገት ያጣምማል፣ ሆድ ይነፋል፤ ላብ ላይ ካገኘዎትማ አለቀልዎት። እኛ በአውቶቡስ ተፋፍገን፣ ሁላችንም ላብ በላብ ሆነን፣ መስኮት ልክፈት ያለውን ሰው እንደ ነፍሰ ገዳይ የምናይ ሕዝብ ነን። የሰለጠነውም፣ ያልሰለጠነውም፣ ዶክተሩም ጭምር። እንግዲህ ለእንዲህ ያለ ሕዝብ ከግድግዳው ቀዳዳ ነፋስ የሚነፋ መሣሪያ ሲተከልለት፣ ነፋሱ የሞቀ ነው ቢሉትም አይረዳም። ነፋስ ነፋስ ነው፤ ሞቀም ቀዘቀዘም ይመታል።

ስለዚህ የመሣሪያው ሠራተኞች ደረጃውን ወርደው ሳይጨርሱ ወይዘሮ ፍቅርአዲስ የሟች ባላቸውን የሱፍ ካልሲዎች ከሣጥን አውጥተው ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ወተፏቸው። ለመኝታ ቤቱ ትልቅ ቀዳዳ ካልሲ ስላልበቃው የአንገት ልብስ ተጨመረበት። ከዚያ ወዲያ የሆነውን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ ፓምፑ በረንዳው ላይ ሲያቃስት ይውላል፣ አየሩ ቤት ውስጥ አይገባም፣ መስኮቱ በላብ ይታጠባል፣ ቤቱም አይሞቅም። ቤቱ አልሞቅ ባለ ቁጥር ደግሞ ወይዘሮ ፍቅርአዲስ ይሄ መሣሪያ ብርድ እያስገባ ነው ብለው ሌላ ካልሲ ይጨምራሉ። ይህንን እኛ ያን ጊዜ አላወቅንም። እናንተም አላወቃችሁም፤ የእናንተ አለማወቅ ግን በሳይንስ የተደገፈ ነው።

3ኛ. ስለ ቀጠሮ

ፈተናውን ይከታተል የነበረው መሐንዲሳችሁ ዮስት እጅግ ጨዋ ሰው መሆኑን በዚህ አጋጣሚ ልመስክር። አንድ ቀን እንኳ ሳይናገር መጥቶ አያውቅም። የሚመጣበትን ቀን ቀድሞ ያሳውቃል፤ በዋዜማው ደግሞ ነገ እመጣለሁ ብሎ መልእክት ይልካል፤ በር ላይ ቆሞም ሰዓቱ እስኪደርስ ደወል አይነካም። በእናንተ አገር ሰው ወንድሙን እንኳ ለማየት አፍስፕራክ፣ ማለትም ቀጠሮ፣ ስለሚይዝ ይህ ሊያስገርመን አይገባም ነበር።

ወይዘሮ ፍቅርአዲስ ደግሞ እንግዳ ግድግዳቸው ላይ ካልሲ ተወትፎ ከሚያይባቸው ሞታቸውን የሚመርጡ ሴት ናቸው። ስለዚህ ዮስት በሚመጣ ቀን ጠዋት ካልሲዎቹ ሁሉ ይወጣሉ፣ ቤቱ ይወለወላል፣ ምሳ ይቀርባል። ዮስት ይገባል፣ ይለካል፤ አየሩ እንደ ምንጭ ውሃ ይፈሳል፣ ሙቀቱ ልክ ነው፣ እርጥበቱ ልክ ነው። ምሳውን ይበላል፣ ሁለተኛም ይጎርሳል፣ አመስግኖ ይሄዳል። ብስክሌቱን ሳይፈታ ካልሲዎቹ ወደ ቦታቸው ተመልሰዋል።

እናም ግድግዳው ላይ የሰቀላችሁት የመለኪያ ሣጥን ሳምንቱን ሙሉ መከራውን ሲመዘግብ ይከርማል፤ መሐንዲሱ በመጣ ቀን ብቻ ቤቱ ገነት ይሆናል። ዮስት ራሱን አከከ። ሌላ መሐንዲስ ትልቅ መሣሪያ ይዞ መጣ፤ እሱም ቀጠሮ አስይዞ ነው የመጣው፤ ገነት አገኘ። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ሊቅ ተጠሩ፤ እሳቸውማ ተወዳጅ ሰው ስለሆኑ ወይዘሮ ፍቅርአዲስ መጋረጃውን ሳይቀር አጥበው ጠበቋቸው። ሦስቱም ተሰብስበው ያወጡትን ውሳኔ ቃል በቃል ይዤዋለሁ፤ የሕንፃው ባሕርይ ሊተነበይ የማይችል ስለሆነ ፓምፑ አይስማማውም፣ ነዋሪዋ ግን ፍጹም ተባባሪ ናቸው ይላል። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይህ ነው። ሕንፃው ምን አደረገ? ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ተሠርቶ ያለ አንዳች ባሕርይ ቆሞ የኖረ ሕንፃ በስተርጅናው ስሙ ጠፋ። እናንተም በዚሁ ምክንያት ፓምፑን ጥላችሁ፣ ማቀዝቀዝ የማያውቀውን የከተማውን ቧንቧ መርጣችሁልን፣ ለትዕግሥታችን ለየቤቱ አንዳንድ ማሰሮ አበባ ላካችሁ። አስራት የእኛን አበባ በየቀኑ ውሃ ያጠጣዋል። በበጋ እንደሚጠወልግ ነግሬዋለሁ።

4ኛ. ስለ ሽንኩርት

እኔ እውነቱን የደረስሁበት በሳይንስ አይደለም፤ ሽንኩርት ጎድሎኝ ነው። ድስቱን ጥጄ፣ ሳልደውልና ሳልጽፍ፣ ነጠላ ጫማዬን እንዳጠለቅሁ አንድ ፎቅ ወረድሁ። ጎረቤት እንግዳ አይደለምና ወይዘሮ ፍቅርአዲስ ምንም ሳይሰበስቡ ከፈቱልኝ። ከሳሎኑ ግድግዳ ላይ የአንድ ቡናማ ካልሲ ጣት ወደ እኔ ተቀስሯል። ቀና ስል ሌላ አለ። ዘወር ስል ሌላ። ምንድን ነው እማማ ብዬ ብጠይቃቸው፣ ብርድ ይገባል ልጄ ብለው ሽንኩርቱን ሊያመጡልኝ ወደ ኩሽና ሄዱ።

ነገሩን ሳስረዳቸው ግን ሽንኩርቱን እንደያዙ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ያ የመለኪያ ሣጥን ለካ የጭስ ማስጠንቀቂያ መስሏቸው ነበር። መሐንዲሶቹ በመጡ ቁጥር የሚጠይቋቸው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ በመሣሪያው ተደስተዋል ወይ? እሳቸውም በጣም፣ እግዜር ይስጥልኝ እያሉ መልሰዋል፤ ስጦታ ይዞ ለመጣ እንግዳ ስጦታህ ይመታኛል የሚል ማን ነው? ይሉኝታ አለ እኮ። በእነዚያ ካልሲዎች የተነሣ አስራት ዴን ሃግ ሊሄድ መሆኑ ሲገባቸው አለቀሱ፤ እኔም አብሬ አለቀስሁ፤ እላይ ድስቱ አረረ። በዚህ መሀል ልጄ ሐምራዊት ሽታው ደርሷት ወርዳ ግድግዳውን ስታይ፣ እዚህ አገር ያደገች ናትና፣ ፍቅርአዲስ አንቺ ግን ጉደኛ ነሽ ብላ ሳቀች። ወይዘሮ ፍቅርአዲስም ከካልሲው ነገር ይልቅ አንቺ መባላቸው ይበልጥ አንገብግቧቸው ለቅሷቸውን አቆሙ።

ከዚያ ያደረጉትን ልንገርዎ፤ የዚህ ደብዳቤ እውነተኛ ምስጋና ያለው እዚህ ጋ ስለሆነ ነው። ካልሲዎቹን አንድ በአንድ ነቅለው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ወንበራቸውን ስበው ከትልቁ ቀዳዳ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ከመታኝ ይምታኝ፣ ለአስራት ስል ነው አሉ። አንዲት ሴት ዕድሜ ልኳን ስትሸሸው የኖረችውን ነገር ፊት ለፊት ስትቀመጥለት ማየት ቀላል አይደለም። ሳምንቱን ሙሉ ተቀመጡ። ምንም አልመታቸውም። ቤቱ ሞቀ፣ መስኮቱ ደረቀ፣ ፓምፑም ማቃሰቱን ተወ። አንገቴን ትንሽ ይዞኛል ይላሉ፤ እሱ ግን ከኩራት የመጣ ነው ብለን አልፈነዋል።

ሰሞኑን ደግሞ ሞቅ ባለ ቀን ማቀዝቀዣውን ከፍተውለት አስራት ቀስ ብሎ አንድ ፎቅ ወርዶ እሳቸው ቤት ዋለ። ካርታ ተጫወቱ፣ ተጨቃጨቁ። ማታ ሲመለስ ደረጃውን የወጣው ሦስት ጊዜ ብቻ አርፎ ነው። ባሌን እንደዚያ ቀን ሲስቅ ካየሁት ቆይቻለሁ። ወይዘሮ ፍቅርአዲስም አንድ መላ አመጡ፤ በጋውን እሳቸው ከእኛ ቤት ይኖራሉ፣ አስራትና እኔ ከእሳቸው ቤት እንኖራለን። ለእሳቸው ከጣሪያ ሥር ያለው ሙቀት በረከት ነው። ሁለት አሮጌ ሰዎች ዕቃቸውን በዘንቢል ይዘው አንድ ፎቅ ሲለዋወጡ የሚጎዳ ሰው የለም፤ ቧንቧም አይቆፈርም።

5ኛ. ስለ መልሳችሁ

ይህን ሁሉ አስረድቼ ሳመለክት በአክብሮት ስለመለሳችሁልኝ አመሰግናለሁ። ፈተናው የተዘጋ ስለሆነ ካልሲው ከሕንፃው ባሕርይ እንደ አንዱ እንደሚቆጠር፣ ተቃውሞ ካለኝም በጥቅምት ቀጠሮ ልይዝ እንደምችል፣ የፈተናው ፓምፕ ግን በሚቀጥለው ወር ከወይዘሮ ፍቅርአዲስ በረንዳ ላይ እንደሚነቀል አስታውቃችሁኛል። ስለ ባለቤቴም አልረሳችሁም፤ በሙቀት ጊዜ ማድረግ የሚገባውን የያዘ ባለ ሥዕል ወረቀት አያይዛችሁልኛል። ውሃ ይጠጣ፣ መጋረጃ ይዝጋ፣ ከቀኑ የከፋውን ሰዓት ቀዝቀዝ ያለ ቦታ፣ ለምሳሌ የሠፈሩ ቤተ መጻሕፍት ይዋል ይላል። ለምክሩ እያመሰገንሁ፣ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ የሚሄደው በየትኛው መስኮት በኩል እንደሆነ ቢገለጽልን ደስ ይለን ነበር።

ክቡር ሆይ፣ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላልና የእኛንም ጥፋት አልሸሽግም። የወተፍነው እኛው ነን፤ ገመናችንን አደባባይ ያወጣሁትም እኔው ነኝ። አስራት ስማቸውን አታንሺ፣ አሮጊት ሴት አታሳፍሪ ብሎኝ ነበር። ስማቸው ይጻፍ ብለው ያዘዙኝ ራሳቸው ወይዘሮ ፍቅርአዲስ ናቸው፤ ሙሉ ስሜ ይጻፍ፣ ወይዘሮ የሚለውም እንዳይቀር ብለዋል። ነገር ግን እናንተም አንድ ክረምት ሙሉ የዚያን ቤት አየር ስትለኩ ከርማችሁ፣ እዚያ ቤት ሰው እንዴት እንደሚኖር ለማየት አንድ ቀን እንኳ ሳትናገሩ ብቅ አላላችሁም። ይህን በቁጣ አልልም። በኀዘን እላለሁ፤ ያው ቁጣም አለበት።

የምለምነው ብዙ አይደለም። በረንዳው ላይ ያለውን ፓምፕ አትንቀሉብን። በዚህ በጋ አስራት አንድ ፎቅ ወርዶ ይተንፍስ፤ በክረምቱም ፈተናው በተከፈተ ቀዳዳ ይደገምና ሕንፃው ስሙ ይታደስ፤ ከዚያ በኋላ የመረጣችሁትን ምረጡ። ባለቤቴን እወደዋለሁ። ይህን በደብዳቤ ላይ መጻፍ በእኛ ወግ ነውር ነው፤ ለእሱም ፊት ለፊት ብዙ ጊዜ አልነገርሁትም። እናንተ ግን ካላወቃችሁት ምንም ማሽን አይለካላችሁምና ጻፍሁት። እቤቱ ነው የምፈልገው፣ ከእኔ ጋር፣ ስለ ወጡ ጨው እየተነጫነጨብኝ።

እግዚአብሔር ለእርስዎ ዕድሜና ጤና፣ ለክፍልዎ ማስተዋል፣ ለመሐንዲሶቻችሁ የምግብ ፍላጎት አብዝቶ እንዲሰጥልኝ እየተመኘሁ፣ በመረጣችሁልን ሁሉ የምደሰት፣ ባልመረጣችሁልን ሁሉ የምጽናና፣ ኪራይ ሳላሳልፍ የምከፍል፣ ከጣሪያው ሥር ያለችው ታዛዥ ተከራያችሁ፣

የትነበርሽ
(እማኝ፦ ወይዘሮ ፍቅርአዲስ፣ በገዛ እጃቸው ፈርመዋል)

ግልባጭ፦
ለደረጃችን መግቢያ በር
ለመሐንዲስ ዮስት፣ ከወይዘሮ ፍቅርአዲስ ሰላምታ ጋር፤ በፈለገ ቀን፣ ሳይናገር ቢመጣም ምሳ አለ ብለዋል
ዴን ሃግ ለሚገኘው መጦሪያ፣ አልጋውን ለሌላ ለሚያስፈልገው ሰው እንዲሰጡት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ በፖስታ ልልከው አስቤ ነበር፤ መንገድ ላይ እንዳይጠፋ ብዬ ዛሬ ጠዋት ራሴ ወደ ዋናው ቢሮአችሁ ይዤው መጣሁ። ውጭው እንደሚያውቁት ሐሩር ነው፤ የእናንተ መግቢያ ግን እንዴት ደስ ይላል! እንግዳ የምትቀበለዋን ሴት ይህ ብርዱ ከየት መጣ ብላት፣ በኩራት ወደ ጣሪያው እያሳየች ሕንፃው በሙሉ በክረምት የሚሞቀው፣ በበጋም የሚቀዘቅዘው በዋርምተፖምፕ እንደሆነ፣ አንድም ቀን አስቸግሯቸው እንደማያውቅ ነገረችኝ። እንኳን ደስ ያላችሁ። ጉዳዩ ያልታየለት ተከራይ እስኪታይለት ድረስ እዚያ ሶፋ ላይ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ይችል እንደሆነም ጠየቅኋት፤ ይችላል፣ ቡናም በነፃ ነው አለችኝ። እንግዲህ በረንዳው ላይ ያለው ፓምፕ ከተነቀለ፣ ከማግስቱ ጀምሮ የደረጃችን ወንዶች አስራትን በወንበር አውርደው በየጠዋቱ እናንተ ዘንድ ያደርሱታል፤ ማታ ስትዘጉ ይወስዱታል። ትራሱንና ኦክስጅኑን ይዞ ይመጣል። ወሬ ይወዳልና በዚያ ሲያልፉ ሰላም ይበሉት፤ የአየሩንም ነገር ከእርስዎ ጋር ቢጫወት ደስ ይለዋል። እኔም ፈቃድ ወስጄ አጠገቡ እቀመጣለሁ። ሹራቤን ይዤ ነው የምመጣው፤ ቢሮአችሁ ትንሽ ይበርዳል።